ፓርኩ በር ላይ አስታማሚዬን ጠየቁኝ

ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ አራሚ ነበርኩ። በጠረጴዛዬ ላይ ካለፉት መጻሕፍት መካከል «ታምሜ ዳንኩ» የሚሉት ብዙ ነበሩ፤ የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው። ሰውየው ተነሥቶ በእግሩ ይሄዳል። ሐኪሙን፣ ቤተሰቡንና ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ አንባቢውም መጽሐፉን ዘግቶ እፎይ ይላል። እኔ አንባቢዬን እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ማጓጓት አልፈልግምና ከአሁኑ ልናገር፤ አልሄድኩም፣ የምሄድም አይመስለኝም። ይህን እያወቀ ማንበብ የሚፈልግ ይቀጥል። የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ወገቡን እያመመው «ያልፋል» የሚል ሰው ነው። ሁለተኛዋ ሰው ስታስታምም የራሷን ዕድሜ የጨረሰች ሴት ናት። ለመጀመሪያው ምክር አለኝ። ለሁለተኛዋ የለኝም።

ሕመሙ የጀመረኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ጀርባዬ መሀል ላይ። ቤታችን ቁስቋም ዳገቱ ላይ ስለሆነ የሰፈራችን ሰው ጀርባውን ቢያመው አይደንቀውም። እኔም ዕድሜዬን ወረቀት ላይ ጎንበስ ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝና ወንበሬን ቀየርኩና ዝም አልኩ። ቀጥሎ ማታ ማታ ያልበኝ ጀመር። ጠዋት ስነሣ ሸሚዜ ተጨምቆ የሚሰጣ ነበር። ሚስቴ ሰብለ «ከስተሃል» ስትለኝ ቀበቶዬን በሚስማር አንድ ቀዳዳ ጨመርኩበትና «ቦርጬ ጠፋ» ብዬ ተደሰትኩ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደሜን መርምሮ ታይፎይድና ታይፈስ አለኝ። በዚህ ከተማ ታይፎይድ የሌለበት ሰው ገና ያልተመረመረ ሰው ብቻ ነው። ኪኒኑን ጨረስኩ፤ ሕመሙ ግን አላለቀም። ሁለተኛው «ኩላሊት ነው፣ ውሃ ጠጣ» አለኝ። ጠጣሁ። ሦስተኛው ጨጓራ ወደ ጀርባ እንደሚወጋ አስረዳኝ፤ ያንንም አመንኩ። ብዙ ያነበበ ሰው ለመታለል እንደሚመች በዚያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሐኪሙ ሳይጨርስ የተወውን ማብራሪያ ራሱ ይጨርሰዋል።

ከእነዚያ ወራት የማልረሳው የመጠበቂያ ክፍሎቹን ነው። ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ወንበር፣ ቁጥር የምትጠራ ልጅ። አንድ ቀን መቀመጥ አቅቶኝ ግድግዳ ተደግፌ ስቆም፣ አንዲት የማላውቃት ሴት በጨርቅ የታሰረ ጥቅሏን አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና «ና ወንድሜ፣ ራስህን እዚህ ላይ አድርግ» አለችኝ። እሷ ቆመች፤ እኔ ተጋደምኩ። በሦስቱ ክሊኒኮች ካገኘሁት ሕክምና ሁሉ የሠራልኝ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የእኔ ጥፋት ነው፤ ለማንም አላካፍለውም። ዕድሜ ልኬን በወጌሻ አላምንም እያልኩ ከሰው ጋር ስከራከር ኖሬአለሁ። ሐኪሞቹ ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱ ግን አቋሜን ገለበጥኩት። የኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ተቃራኒው ካለ እዚያ እገኛለሁ። ወጌሻው ጨዋ ሰው ነበር። ቅቤ ቀብቶ ጀርባዬን ሲዳብስ እብጠት አገኘ። «አጥንቱ ከቦታው ወጥቷል፤ እመልሰዋለሁ» አለኝና በሁለት አውራ ጣቱ ተጫነው። ሁለት ቀን ቀለል አለኝ። ሄጄ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሦስተኛ ጊዜ ታሽቼ ስመለስ፣ የቤታችንን ደረጃ እየወረድኩ ሳለ ግራ እግሬ መሬቱ የት እንዳለ ጠፋው። በሳምንቱ መቆም አልቻልኩም።

ትልቁ ሆስፒታል ተወስጄ ሰውነትን በውስጥ በኩል በሚያሳይ ማሽን አነሡኝ። ወጣቷ ሐኪም ፎቶውን ወደ መብራቱ ይዛ አሳየችኝ።

«የአከርካሪ ቲቢ ነው» አለችኝ። «ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይወጣም፤ አጥንትም ይበላል። የተበላው አጥንት ሲደረመስ በውስጡ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ ይጫነዋል። እግርዎን ያሰነፈው እሱ ነው።»

«ቀደም ብዬ ብመጣ ኖሮስ?»

«የሚያሽ ሰው ጋ ሄደው ነበር?»

«ሄጄአለሁ።»

ጻፈችው። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ይህን እንደ ርኅራኄ ቆጠርኩላት።

ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ፤ ቀጥሎ ዓመት ሙሉ ሽንት የሚያቀላ መድኃኒት ዋጥኩ። ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ ያገሬ ሰው አስታማሚ ምን እንደሆነ ያውቃል። አንድ አልጋ የሚሰጠው ለሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከላይ ይተኛል፣ ሌላው መሬት ላይ ካርቶን አንጥፎ። መድኃኒት የሚገዛው፣ ናሙና የሚያደርሰው፣ የሚያገላብጠው፣ የሚያበላው አስታማሚው ነው። ሰብለ ደረቷ ላይ የአስታማሚ ካርድ ለጥፋ ሦስት ወር ከሥሬ ተኛች። ሌሊት ስፈራ እጄን ወደ ታች ዘርግቼ ትከሻዋን እፈልግ ነበር፤ እዚያው ነበረች። እሷ በበኩሏ በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ሥራ ትታ ነው የመጣችው። ጥለት ከቀሚስ ጋር ስታዛምድ ዓይኗን የሚያክል የለም ይሏታል። እኔን ለማገላበጥ ያ ሁሉ ዓይን አያስፈልግም ነበር።

መድኃኒቱን ስጨርስ ሐኪሟ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። «ሕክምናውን ጨርሷል፤ ድኗል» ይላል።

«እግሬስ?» አልኳት።

«እግርዎ... እ... ማለቴ፣ ነርቭ ጊዜ ይፈልጋል።»

ከዚያ ወዲህ ዓመት አለፈ። ነርቩ አሁንም ጊዜ እየፈለገ ነው።

ሚያዝያ ላይ የሱቁ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ለሰብለ ደወለችላት። ልጅ ሆና ከጨንቻ የመጣች፣ ከሽመና ቤተሰብ የተወለደች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት።

«ቅዳሜ ነይና ልይሽ» አለቻት። «ጠዋት ገብተሽ ማታ የምትወጪ ከሆነ ቦታሽ ያንቺው ነው። ቀን ላይ ወደ ቤት የምትሮጪ ከሆነ ግን፣ ልጄ፣ የሠርግ ወር ነው፣ አልችልም። የእህቴ ልጅም እየጠየቀችኝ ነው።»

ሰብለ ስልኩን ዘግታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ያላየሁት ነገር ነበር፤ ልትደብቀው ስትሞክር ደግሞ የባሰ ታየ።

«ማን ጋ ትውላለህ?» አለችኝ።

«ራሴ ጋ።»

«ባለፈው ራስህ ጋ ውለህ ከአልጋ ወድቀህ ሁለት ሰዓት መሬት ላይ ተኝተህ አገኘሁህ።»

«እያሰብኩ ነበር።»

«ግርማ፣ ቀልዱን ተወው። ቆልፌብህ አልሄድም።»

ያን ጊዜ ነው ፓርኩን ያሰብኩት። ከሰፈራችን በላይ በእንጦጦ ሥር ካሉት መናፈሻዎች አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ነገሩ የአንድ መናፈሻ ብቻ አይደለምና። በሩ አካባቢ ሜዳ የሆነ ንጣፍ አለ። ሻይ ቤት አለ። የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት ያለበት መጸዳጃ ቤት አለ፤ ፎቶውን ስልኬ ላይ አይቼዋለሁ። መጸዳጃው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ፊኛዬ ከእግሬ ጋር አብሮ ስለሰነፈ በየአራት ሰዓቱ በቀጭን ቱቦ ሽንቴን ራሴ አወጣለሁ፤ የሚዘጋ በርና የእጅ መታጠቢያ ከተገኘ ሌላ አልፈልግም። እዚያ ሰው መሀል ቀኑን ብውል፣ ሰብለም አንድ ጊዜ ሳትደውልልኝ ብትውል፣ ሥራዋን መልሳ አገኘች ማለት ነው። ሰብለም በዚህ ተስማማች፤ ቅዳሜ የሚፈተነው ይኸው ብቻ ነበር። መናፈሻውንማ አበባ ለማየት ቢሆን አልሄድም፤ አበባ ሲበዛ ያሰለቸኛል።

ጠዋት የሰፈራችን የላዳ ሹፌር ሙሉጌታ አዝሎ እስከ አስፋልቱ አወረደኝ፤ ወንበሬን አጥፎ ከኋላ ጫነ። በሦስት ሰዓት ተኩል በሩ ላይ አደረሰኝ። ቃሊቲ ሥራ ስለነበረው በአሥራ አንድ ሰዓት ሊመጣ ተስማምተን ሄደ።

ጥበቃው ሸምገል ያለ ትሑት ሰው ነው። ቦርሳዬን ፈትሾ ከኋላዬ ተመለከተ።

«ጌታዬ፣ አስታማሚዎ የታሉ?»

«የለኝም።»

«መኪና እያቆሙ ነው?»

«ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ታማሚ ያለ አስታማሚ አናስገባም። ቢወድቁ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ታማሚ አይደለሁም። ድኛለሁ።»

ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤው ነበር፤ ሰጠሁት። አነበበና ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱም አነበቡት።

«ድኗል ይላል» አለ ጓደኛው።

«ይላል።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጡ?»

ይህን ሐኪሞቹም አልነገሩኝም።

ከኋላዬ የሙሽራ አጀብ ፎቶ ሊነሣ መጥቶ ሰልፉ ተዘጋ። ሰማያዊ ሱፍ የለበሰ ሚዜ አንገቱን አስግጎ «ምንድነው ችግሩ ፋዘር?» አለ። ጥበቃው አስረዳው።

«አስታማሚ ነው የጠፋው? እኛ አምስት ነን፣ በቃ ይመዝገቡን።»

ጥበቃው ፊቱ በራ። መዝገቡን አውጥቶ የሚዜውን ስምና ስልክ «አስታማሚ» በሚለው ሥር ጻፈ። እንዲህ ሆኖ ስሙን እንኳ በማላውቀው ሰው ኃላፊነት መናፈሻ ገባሁ።

እዚሁ ታች እንደሚበቃኝ ነገርኳቸው። መጸዳጃውንም በዓይኔ አገኘሁት፤ ምልክቱ አዲስ ነው፣ በሩ ላይ ግን ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበት፣ በመስኮቱ የአትክልት ጎማና መጥረጊያ ይታያል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ልጠይቅ ስል ሚዜው ወንበሬን ይዞ ነበር።

«እዚህ ምን ይታያል ፋዘር? ከተማው የሚታየው ከላይ ነው።»

እምቢ አላልኩም። ይህን መጻፍ አለብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከመኝታ ቤቴ መስኮት የጎረቤት ቆርቆሮ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። አራቱ ከነወንበሬ አነሡኝ። ስድሳ ሁለት ደረጃ ቆጠርኩ። አምስተኛው እያጨበጨበ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ሰውየውን እንዳትጥሉት» ትላለች። ከላይ ስንደርስ ፎቶ አንሺው በሙሽሮቹ መካከል አስቀመጠኝ።

«ይመርቁን እንጂ» አለ ሙሽራው።

እኔ መራቂ ሰው አይደለሁም። «ውለዱ፣ ክበዱ» አልኩ። ደግሞ «ጀርባችሁን ጠብቁ» ጨመርኩበት፤ ሳቁ። አሜን እያሉ ሳሙኝና «እንመለሳለን ፋዘር» ብለው መኪኖቻቸው ወደቆሙበት ወደ ኋላ በር ወረዱ። የዋሹ አይመስለኝም። ሠርግ ነው፤ ሰው በሠርግ ቀን የሚረሳው ብዙ ነገር አለ። ሰውን ሽቅብ ለማውጣት የሚሽቀዳደም ሞልቷል፤ ለማውረድ የሚያስብ ግን አይገኝም።

አንድ ሰዓት ያህል ደስ አለኝ። ከተማው ከሥሬ ተዘርግቶ፣ አሮጌው ቆርቆሮ ከአዲሱ መስታወት ጋር ተደባልቆ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ከኋላዬ እየመጣ። ሰብለ አልደወለችም። በዚህ ሰዓት ጥለት እየመረጠች ነው ብዬ አሰብኩ። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ግን ፊኛዬን አሰብኩት። ቦታው አደባባይ ነው፤ ጥንዶችና ልጆች ያሉበት። በር የለም፣ ውሃ የለም።

የሚያልፍ ሁሉ ፈገግ ይልልኝ ነበር። አንዱን፣ ከሚስቱ ጋር የሚዝናና ጠንካራ ሰው፣ ጓደኛ ፈልጎ እንዲያወርደኝ ለመንኩት።

«በደስታ ነበር ወንድሜ» አለኝ፤ «ግን ወገቤን ያመኛል።»

«ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ሁለት ወር ቢሆን ነው።»

«ማታ ያልብሃል?»

ሚስቱ ቀድማው «አንሶላው እስኪርስ ነው የሚያልበው» አለች።

የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ማንም እንዳያሸው፣ ታይፎይድ ብለው ቢሸኙት እንዳይመለስ፣ «የአከርካሪ ቲቢ ይሆን?» ብሎ ራሱ እንዲጠይቅ። ሚስቱ ስልኳ ላይ ጻፈችው። ሰውየው ወንበሬን እያየ ፊቱ ተለዋወጠ። ሲወርዱ ለጥበቃዎቹ እንደሚነግሩልኝ ቃል ገቡ፤ ነገሩም።

የመጣው ሌላ ጥበቃ ነው፤ ተረኛ ተቀይሯል። መዝገቡን በብብቱ ይዞ እያለከለከ ወጣ።

«ለአስታማሚዎ እየደወልንላቸው ነው። አያነሡም።»

«እየጨፈረ ነው፤ አያነሣም። እናንተ አውርዱኝ።»

«እንዴት ተደርጎ ጌታዬ? መዝገቡ ላይ ያሉት እሳቸው ናቸው። ብንጥልዎትስ? ሌላ ቤተሰብ ካለዎት ይደውሉ፤ እሳቸው ባሉበት እናወርድዎታለን።»

«ቤተሰብ የለኝም» አልኩት።

የጣት ቀለበቴን አየ። ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ፤ ቃሊቲ ነው፣ ከአሥራ አንድ በፊት አይደርስም። ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል እችላለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። በክርክር ተሸንፌ አላውቅም፤ ፊኛ ግን አይከራከርም። ሱሪዬ ሞቅ ሲል አልተሰማኝም፤ ያየሁት በዓይኔ ነው። አጠገቤ የነበሩት ልጆች እናታቸው ስትጠራቸው ሄዱ። ብርድ መጣ። የመቀመጫዬ ቆዳ ከረጠበ እንደሚቆስል፣ ቁስሉም ወራት እንደሚያስተኛ አውቃለሁ፤ በሆስፒታል አይቻለሁ።

በስምንት ሰዓት ደወልኩ።

«ሰብለ።»

ከኋላዋ የገበያተኛ ድምፅ ይሰማል፤ አንዲት ሴት ዋጋ ትከራከራለች። ሰብለ ምን ሆንክ አላለችኝም።

«የቱ ጋ ነህ?» አለችኝ።

በዘጠኝ ሰዓት ደረጃውን ወጥታ መጣች። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ፣ ለቅዳሜ ብላ ያወጣችውን ነጠላ ለብሳ ነበር። አውልቃ ጭኔ ላይ ጣል አደረገችው። ጥበቃው መዝገቡን ዘረጋላት፤ ፈረመች። «አስታማሚያቸው መጡ» ብሎ ወደ ታች ሲጣራ አራት ሰው ወዲያው ወጣ።

«አንድ ደቂቃ» አለቻቸው። ወደ ከተማው ዞረች። «ከዚህ እንዲህ ነው የሚታየው?»

«እንዲህ ነው።»

«እኔ መጥቼ አላውቅም።»

ቆማ አየች። ከዚያ ወንበሬን እንዲያነሡ በእጇ ምልክት ሰጠቻቸው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳያንገዳግዱ አወረዱኝ።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ በማጽናኛ ቢያልቅ ደስ የሚላቸው እንዳሉ አውቃለሁ። ያለኝ ምክር ብቻ ነው። ከወር በላይ የቆየ የጀርባ ሕመም ላብና ክሳት ከጨመረበት ጀርባህን ለማንም እጅ አትስጥ፤ ሐኪሙ ቢስቅብህም ደጋግመህ አስመርምር። እግርህ መደንዘዝ ከጀመረ ለነገ አትበል። ከዚህ ያለፈውን አላውቅም። ሰዎች «በርታ» ይሉኛል፤ በርትቼ ምን እንደማደርግ የነገረኝ ግን የለም። እግሬ ይመለሳል ብዬ መጠበቁን ትቼዋለሁ፤ ያንንስ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነገር ነው። ሐኪሟ እኔን ድኗል ብላ ጽፋልኛለች፤ ሰብለን ከአስታማሚነት የሚያሰናብት ወረቀት ግን ማንም አይጽፍም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ እትዬ ዘውዴ ደወለች። ሰብለ ቆማ አነሣችው።

«አቤት እትዬ... አይ፣ ገብቶኛል... ኧረ እኔ ነኝ እንጂ ይቅርታ የምጠይቀው... የእህትሽ ልጅ ጎበዝ ናት፣ አውቃታለሁ። ነጩን ከወርቅማው ጋር እንዳታስቀምጠው ንገሪያት፤ ድምቀቱን ይወስድበታል... እሺ። እሺ እትዬ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ምሳ ምን ልሥራ?» አለችኝ።

በሁሉ ነገር ላይ አስተያየት ያለኝ ሰው «ያገኘሽውን» አልኳት።